ለአበልጄ ያልተረጎምኩለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ ተቆረሰልኝ፤ ሁለት ሰው ንግግር አደረገ፤ የወላይታ የባህል ልብስ አለበሱኝ። ልብሱ ትከሻዬ ላይ ጠበበኝ። "ጋሽ ጌታቸው ሠላሳ አራት ዓመት ያለ እንከን ያገለገለ ሰው ነው" ሲባል አንገቴን ደፋሁ፤ ሰዉ ትሕትና መስሎት አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ የሎከሬን ቁልፍ ላስረክብ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሄድኩ።

ሎከሩ ውስጥ ነጠላ ጫማ፣ እጀታው የተሰበረ መነጽርና ያለቀ የእጅ ቅባት ነበር። ከሁሉም ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው የዶክተር ይልማ ደብተር ተቀምጧል። እሳቸው አደራ ብለው የሰጡኝ ነው፤ ከከፈትኩት ስንት ዓመቴ። እዚያው ቆሜ ገለጥኩት። በየገጹ የበሽተኛ ስም አለ፤ ከስሙ ትይዩ ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፦ ዓይነ ምድር፣ ሽንት፣ ትዳር። "ባሳ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሻንቶ" ከሚለው ትይዩ፣ ትዳር በሚለው ዓምድ ውስጥ "ደህና" ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ነገሩ ግን ውሸት ነው።

ያለ እንከን አሉኝ እንግዲህ። ይህን የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ቃል ነው፤ ከሥራ ዘመኔ ሌላውን የማነሳው ወደ እሷ እስከሚያደርሰኝ ድረስ ብቻ ነው።

እኔ ስክራብ ነርስ ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው፣ ሐኪሙ ሲቀድ ታጥቦ አጠገቡ ቆሞ መሣሪያ የሚያቀብለው ሰው ማለት ነው። ጥሩ ስክራብ ነርስ ወሬ አያበዛም። ያቀብላል፣ ደም የሚጠረግበትን ጨርቅ፣ ጎዙን፣ ይቆጥራል፣ አፉን ይዘጋል። ዝም በማለቴ ስመሰገን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ዝምታዬ ሁሉ ሙያ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ ውስጥ ያለች ጤና ጣቢያ ነበር። ወባ፣ ወሊድ፣ በገጀራ የተቆረጠ ጣት። ደመወዙን ተዉት፤ ዝውውር ለማግኘት የጻፍኩት ማመልከቻ ብዛት ግን አሁንም ያናድደኛል። በመጨረሻ ሶዶ ገባሁ፤ ያደግኩባት ከተማ ናት። የአባቴ ወገኖች ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ የመጡ ናቸው፤ እናቴ የወላይታ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አማርኛም ወላይትኛም ይነገር ነበር፤ እናቴ የምትቆጣው በወላይትኛ ስለነበር እሱን ይበልጥ በደንብ ነው የማውቀው።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ አለቃ ሲስተር ዘውዴ የሚባሉ ሜትረን ነበሩ። አንድ ጎዝ ከጎደለ በሽተኛ ከጠረጴዛ አይወርድም። አንድ ቀን ጎድሎ ሁላችንንም አንበርክከው ወለሉን አስፈተሹን፤ ጎዙ በኋላ የተገኘው እሳቸው ጫማ ሥር ተለጥፎ ነው። ትንፍሽ ያለ የለም። እሳቸውም ቢሆኑ አነሱትና "ሞላ፣ ቀጥሉ" ብቻ ነው ያሉት። ከእሳቸው የተማርኩት የጎደለ ነገር ውስጥ ቀርቶ ሆድ እንደማይዘጋ ነው። መማሬን ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል።

ዶክተር ይልማ የመጡት እኔ ሃያ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ቀጭን፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የታችኛው አንጀት ካንሰር፣ ማለትም ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ የሚበቅለው፣ ሆድ ከእምብርት በታች ተከፍቶ፣ እጅ ዳሌ ውስጥ ገብቶ በዳበሳ ነበር የሚወጣው። እሳቸው ካሜራ ይዘው መጡ። ሆድ ላይ አራት አምስት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ረጃጅም መሣሪያዎች። ሁላችንም ስክሪን እያየን መሥራት ጀመርን። ካሜራው ከውጭ ብርድ ወደ ሆድ ሙቀት ሲገባ ጉም ይለብሳል፤ ለዚህ የሚሆን ዘመናዊ ነገር ስላልነበረን እኔ ከቤቴ ፔርሙዝ አምጥቼ፣ ሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ የካሜራውን ጫፍ እያሞቅሁ አቀብላቸው ነበር። "የጌታቸው ፔርሙዝ ከሌለ ሥራ የለም" ይሉ ነበር። በዚያች ፔርሙዝ እንዴት እኮራ እንደነበር ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ዳሌ ውስጥ ስንደርስ ሁልጊዜ ያቆሙናል። "አትጎትቱ" ይላሉ። ከዚያ በመሣሪያው ጫፍ ሳይነኩ ያሳዩናል፤ ከአንጀቱ ግራና ቀኝ የሚወርዱ፣ ነጣ ያሉ፣ ወደ ሽንት ፊኛና ወደ ኀፍረተ ሥጋ የሚሄዱ ቀጫጭን ነርቮች። ለጀማሪ ሐኪሞች የሚሉት አንድ ነገር ነበር። "እነዚህን ቆርጬ ካንሰሩን ባወጣ ሰውየው በሕይወት ይኖራል። ሽንቱን እንደ ልቡ አይሸናም፣ ከሚስቱ ጋር እንደ ባል አይሆንም። ወረቀት ላይ ግን ድኗል ብዬ እጽፋለሁ። አሁን ይህ ሰው ድኗል?" ይሉና መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ያንን ነርቭ ከካንሰሩ ለመለየት አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እግሬ እየደነዘዘ በሆዴ ስረግማቸው ኖሬያለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በሽተኛን ከጠረጴዛ ማዶ ሆነው አያናግሩም። ጋዋናቸውን አውልቀው በሩ ላይ ይሰቅሉና አግዳሚው ላይ ከሰውየው ጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ግድግዳውን እያዩ ነው የሚያወሩት። ስለ ሽንትና ስለ መኝታ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ለማንም ይከብዳል ይሉ ነበር። ደግሞ በሽተኛው አማርኛ ቢችልም ወላይታ ከሆነ በወላይትኛ እንዲነገረው ይፈልጋሉ። "በገበያ ቋንቋ ስለ ገበያ ይወራል፤ ስለ ገላው በቤቱ ቋንቋ ይስማ" አሉኝ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

ከኦፕራሲዮን በኋላም አይተዉትም። በወሩ፣ በሦስት ወሩ፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ ያስጠሩታል፤ ያው አግዳሚ ላይ ያው ሦስት ጥያቄ። መልሱን በሰማያዊው ደብተር የምጽፈው እኔ ነኝ። ከአረካ ትመጣ የነበረች አንዲት አስተማሪ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክፍል ውስጥ ሙሉ ፔሬድ ቆማ ማስተማር መቻሏን ስትነግራቸው እንደ ልጅ ነው የሳቁት። እንዲህ ያለ ቀንም ነበረን፤ ሁሉም ጨለማ አልነበረም።

አሁን ወደ ባሳ ልምጣ።

ባሳ የልጄ የናሆም የክርስትና አባት ነው። ሻንቶ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪና ይዞ ልብስ ይሰፋ ነበር። ዝምተኛ፣ ንጹሕ፣ ሱሪ ሲያሳጥርላችሁ እንኳ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያስመስል ሰው። ሚስቱ አማረች በዕድሜ ከእሱ አሥር ዓመት ግድም ታንሳለች፤ ቀልደኛ ነበረች። ልጅ አልወለዱም፤ እርስ በርስ ግን ይዋደዱ ነበር፤ ሲጣሉ ያየ ሰው የለም። ለናሆም ልደት ሁልጊዜ ባሳ ራሱ የሰፋው ሸሚዝ ይመጣል። እኔና እሱ አበልጄ እንባባል ነበር፤ ስም አንጠራራም።

ደም እያየ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው ለኔ የነገረኝ። አመጣሁት። ካንሰር ነው፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተልኮ የጨረር ሕክምናውን ጨርሶ ተመለሰና የኦፕራሲዮን ቀን ተቆረጠ። ዶክተር ይልማ "ከሚስቱ ጋር ይምጣ" አሉ።

መጡ። ዶክተር ይልማ ጋዋናቸውን ሰቅለው ከባሳ ጎን ተቀመጡ። አማረች በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። የሁለቱም አማርኛ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍምና እኔ መሐል ቆምኩ። ስለ ቀዳዳዎቹ ተናገሩ፤ ተረጎምኩ። ለጥቂት ወራት ሆዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሰገራውን ስለሚቀበለው ከረጢት ተናገሩ፤ ተረጎምኩ። ባሳ ልብስ ሰፊ ነውና አንጀቱ በምን እንደሚሰፋ ጠየቀ፤ ማሽኑን አሳዩት፤ ስፌቱን አይቶ ወደደው።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እንዲህ ነበር ያሉት፦ "ካንሰሩ ከነርቮቹ ተጠግቷል። ለማትረፍ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ላይተርፉ ግን ይችላሉ። ካልተረፉ ከባለቤትህ ጋር እንደ ድሮው መሆን ያቅትህ ይሆናል። ሰገራም በድንገት ይመጣብሃል፣ ደጋግሞ ያስኬድሃል። ይህ ኃጢአት አይደለም፣ ፍቅር ማጣትም አይደለም፤ ነርቭ ነው። አንቺም ስሚው፣ በኋላ በሌላ እንዳትተረጉሚው። ሲከሰት ቶሎ ንገሩኝ፤ በጊዜው ከሆነ የሚሞከር መድኃኒት አለ።"

አማረችን አየሁ። አማረች እኔን አየች። ልጄን ከቄሱ እጅ የተቀበለ ሰው ነው እሱ፤ እሷ ነች ያን ቀን የልጄን እናት ያቀፈቻት። ከአበልጅ ጋር የመኝታ ነገር አይነሳም፤ በዘመድ መካከል እንኳ የሚነሳ ነገር በአበልጅ መካከል አይነሳም። ምላሴ ደረቀ። ጎረቤት ክፍል ሌላ ወላይትኛ የሚችል ነርስ ነበር፤ ጥሩልኝ ማለት እችል ነበር። ግን ደግሞ የአበልጄን ነገር ለባዳ አሳልፌ መስጠት ነውር መሰለኝ። በወላይትኛ "በጣም ይጠነቀቃሉ፤ ለተወሰነ ጊዜ ሆድህ ያስቸግርሃል፤ የቀረው የእግዚአብሔር ነው" አልኩ።

ዶክተር ይልማ ቀና ብለው አዩኝ። "አጠረ እኮ" አሉ።

"በወላይትኛ አጭር ነው" አልኳቸው።

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ፤ እስከዚያ ቀን ዋሽቻቸው አላውቅም።

ኦፕራሲዮኑ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። የወንድ ዳሌ ጠባብ ነው፤ የባሳ ደግሞ የባሰ። በግራ በኩል ካንሰሩ ነርቩን አቅፎት አገኙት። ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩ። ፔርሙዟ ሁለት ጊዜ ቀዝቅዛ ሁለት ጊዜ ሞላኋት። በመጨረሻ "ይሄ አይተርፍም" ብለው ከካንሰሩ ጋር ቆረጡት። በቀኝ በኩል ደም ፈሰሰ፤ ደሙን በኤሌክትሪክ መሣሪያ አቃጥለው ሲያቆሙ ቃጠሎው ለነርቩ ተጠጋ፤ ይንካው አይንካው ማንም ሊያውቅ አልቻለም። እጃችንን ስንታጠብ "ካንሰሩ ንጹሕ ወጥቷል። ነርቩን ግን እንጃ። ሲነቃ ሁሉንም ንገረው፣ አበልጅህ አይደል" አሉኝ። እሺ አልኩ። አልነገርኩትም። ያ ሰው ሆዱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎበት እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ እሱን አይቼ ዛሬ አይሆንም አልኩ። በማግስቱም ዛሬ አይሆንም አልኩ።

በሦስተኛው ወር ዶክተር ይልማ አግዳሚው ላይ ከባሳ ጎን ተቀመጡ። ስለ ሽንቱ ጠየቁት፤ ትንሽ እያማጠ እንደሚሸና ተናገረ፣ ተጻፈ። ከዚያ "ከባለቤትህ ጋር በመኝታ እንዴት ነህ?" አሉ። እኔ በወላይትኛ "አማረች ደህና ናት?" አልኩት።

"ደህና ናት" አለ፤ ጤንነቷን የጠየቅሁት መስሎት።

"ደህና ነው ይላል" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "ቀኙ ተርፏል ማለት ነው! ጻፈው" አሉ። ጻፍኩ። ያን ሳምንት ለጀማሪዎቹ ስለ ባሳ ሲያስተምሩ፣ በአንድ ወገን ነርቭ ሰው እንደሚድን፣ ተስፋ መቁረጥ እንደሌለባቸው ሲነግሯቸው መሣሪያ እየደረደርኩ ሰማሁ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። በስድስት ወሩም በዓመቱም ያንኑ ጠየቅሁት፤ ያንኑ መለሰልኝ፤ ያንኑ ጻፍኩ።

ከረጢቱ ወጥቶ አንጀቱ ከተቀጠለ በኋላ ባሳ ሌላ ሰው ሆነ። መኪናው ላይ ሩብ ሰዓት ሳይቀመጥ ይነሳና ወደ ጓሮ ይሮጣል። ደንበኞቹ ሰነፈ አሉት። ሥጋና ዳጣ፣ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ የሚወድ ሰው ዳጣ ሲያይ ፊቱን ያዞር ጀመር። ሶዶ መምጣት ካለበት ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ እህል አይቀምስም፤ ሚኒባስ ውስጥ እንዳይዋረድ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ቅዳሜ ራት አይበላም። እንዲያም ሆኖ ገላዬ አይታመንም ብሎ ቅጥሩ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ አጥር ተደግፎ ያስቀድሳል። አግዳሚው ላይ ስለ ሰገራው ሲጠየቅ አፍሮ "ይሻላል" ብቻ ነበር የሚለው፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ የማየው መክሳቱን ብቻ ነበር። ለበዓል ስንገናኝ ስለ ናሆም ትምህርት እናወራና እንለያያለን።

ኦፕራሲዮኑ ሁለት ዓመት ሲሞላው አማረች አቤቱታ አቀረበች። ሽማግሌ ተሰየመ፤ አራት ሰው። አበልጅ ስለሆንኩ አንዱ እኔ ነበርኩ።

እቤታቸው፣ ጠዋት ነው። አማረች አላለቀሰችም። ከታመመ ወዲህ አልጋ ለይቶ እንደሚተኛ ተናገረች። "ሕመም ነው ብዬ ታገሥኩ" አለች። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራችውን ራት እንደማይበላ፣ ሌላ ቦታ በልቶ እንደሚመጣ ጨመረች። ድምፅዋ የተሰበረው የቤተ ክርስቲያኑን ስታነሳ ነው። ሴትና ወንድ አብረው ካደሩ በማግስቱ ቤተ መቅደስ እንደማይገቡ ሁላችንም እናውቃለን።

"ከኔ ጋር አላደረም" አለች። "ታዲያ ከአጥር ውጭ የሚያቆመው ምንድን ነው?"

ሽማግሌዎቹ ወደ ባሳ ዞሩ። ባሳ መሬት መሬት ያያል። የሚለው ቢጠፋው ነው፤ በራሱ ላይ የደረሰው ነገር ስም እንዳለው አያውቅማ። ስሙን የማውቀው እኔ ነኝ። ከበሩ በስተግራ፣ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ፣ ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ። አፌን ብከፍት ለምን ያን ቀን አልተናገርክም ይሉኛል። ደግሞ የአበልጄን ወንድነት በሽማግሌዎች ፊት ላዋርድ? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስደረድር ትልቁ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ጠየቁት። ሦስቴም ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው አምኗል ተባለ፤ ጥፋቱ የሱ ነው ተባለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አማረች ዕቃዋን ይዛ አረካ ወንድሟ ጋ ሄደች።

ዶክተር ይልማ ከዚያ በፊት ነው ከሶዶ የሄዱት፤ ባለቤታቸው ታመው። ሲሰናበቱኝ ደብተሩን ሰጡኝ፤ "ጠይቃቸው፤ እኔ ባልኖርም ጠይቃቸው" አሉኝ። ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። ባሳን አድነነዋል ብለው እንዳመኑ ነው የሞቱት። ከሳቸው ወዲህ ማንንም አልጠየቅሁም። ደብተሩ ሎከር ውስጥ ተኛ።

እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ደብተሩን በፌስታል ይዤ ሻንቶ ወረድኩ። ባሳ እዚያው በረንዳ ላይ ነው፤ ጸጉሩ ነጥቷል፤ መኪናው አጠገብ የውኃ ጆግና ሶፍት አለ። ካንሰሩ አልተመለሰም። ወረቀት ላይ የዳነ ሰው ነው። ዱካ አመጣልኝ፤ እኔ ግን እንደ ዶክተር ይልማ እሱ ተቀምጦ ከሚሰፋበት አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም መንገዱን፣ የሚያልፈውን ባጃጅ እያየን ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሙ ያሉትን፣ እኔ ያላልኩትን፣ "ደህና ናት"ን፣ የሽማግሌውን ቀን።

 የያዘውን ጨርቅ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

"እኔኮ እግዜር መስሎኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ስንት ስለት ተሳልኩ። የማላውቀው በደል አለብኝ ብዬ ስንት ዓመት ስፈልግ ኖርኩ።"

በጊዜው የሚሞከር መድኃኒት እንደነበረ አልነግረውም ብዬ ነበር የወጣሁት። እሱንም ነገርኩት። ሌላ ነገር ማስቀረት አልቻልኩም። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አማረች ይህን ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ሂድና ንገራት። ትመለስ ብለህ አይደለም። ሌላ ሴት እንዳልነበረች ትወቅ።"

በማግስቱ አረካ ሄድኩ። አማረች በወንድሟ ግቢ ቦሎቄ እየለቀመች አገኘኋት። አርጅታለች። ቀልዷ የለም። ተቀመጥ አለችኝ፤ ስለ ናሆም ጠየቀችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል አልኳት። ከዚያ ተናገርኩ። ስጨርስ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠች።

"አንተ ተቀምጠህ ነበር" አለች። "ከበሩ በስተግራ። እኔ ስናገር አንተን እያየሁ ነበር፤ ሐኪም ነው፣ የተሳሳትኩ ከሆነ ይናገራል ብዬ።"

ዓይኔን መሬት ላይ ወዳለው ሰፌድ አወረድኩ። 

"ያ ሐኪም ያን ቀን ያለውን፣ እንዳለው ንገረኝ" አለች።

ነገርኳት። በወላይትኛ፣ ከመጀመሪያው፤ ነርቮቹን፣ ሽንቱን፣ ሰገራውን፣ መኝታውን፣ ኃጢአት አይደለም ያሉትን፣ አንቺም ስሚው ያሉትን። ምላሴ አልደረቀም። ቃል አልጠፋኝም። በወላይትኛ አጭር አልነበረም።

አማረች አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።  ባሳ አሁን ምን ይበላል ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚስማማውንና የማይስማማውን ነገርኳት። ከሻንቶ አረካ በሚኒባስ ምን ያህል ነው፣ የቅርብ መንገድ ነው፤ እሷ ግን ሩቅ አገር ያለ ሰው የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ልሄድ ስነሳ "ደርሶኛል በለው" አለች።

"ሌላስ?" አልኳት።

"ሌላ የለም። አሁን ምን ልሁን ብዬ? ደርሶኛል በለው።"

ከዚያው ሻንቶ ወረድኩ። ባሳ መኪናው ላይ ነበር፤ ሲያየኝ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"ደርሶኛል ብላሃለች" አልኩት።

ጠበቀ። እንደምቀጥል ነው የጠበቀው።

"ይኸው ነው?" አለ። "አጠረ እኮ፣ አበልጄ።"

"አጭር ነው" አልኩት። "ያለችው ግን ይኸው ነው። ምንም አላስቀረሁም።"

ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጓሮ ሄደና ተመለሰ፤ ከዚያ ጨርቁን አስተካክሎ መርፌው ሥር አስገባና ስፌቱን ቀጠለ።